የላስታ ወርቅ ከየት መጣ?

በላስታ ላሊበላ፣ በቤተ መድኃኔዓለም የሚጠበቀው፣ አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል ሰባት ኪሎ ግራም ያህል ወርቅ እንዳለው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ከአገር ወጣ፤ በኋላም በአንድ የቤልጂግ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ2001 ወደ ቦታው ተመለሰ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለ መስቀል ያሠራ፣ ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናትን ከአለት ያስፈለፈለ መንግሥት ሀብቱን ከየት አመጣው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቀላሉ መልስ ከእግሩ ሥር አወጣው የሚለው ነው፤ ወርቅ ያለበት ቦታ የወርቅ ጉድጓድም ነበረ ብሎ ማሰብ ለማንም ይቀናል። እኔ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። ላስታ የወርቅ ማዕድን ምድር ሆና አታውቅም። ወርቋ በመንገድ የመጣ ነው፤ ወርቅ የነፈጋት አለትም አብያተ ክርስቲያናቱን ያስገኘው ያው አለት ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ለታሪካችን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አብያተ ክርስቲያናቱን ያሠራው የዛጉዬ መንግሥት በማዕድን የበለጸገ ቢሆን ኖሮ ኃይሉ የአጋጣሚ ስጦታ ነበር ማለት ነው፤ በመንገድ ከበለጸገ ግን ኃይሉ የሰው ሥራ፣ የድርድርና የአስተዳደር ውጤት ነው።

ከአለቱ እንጀምር። ወርቅ በምድር ቅርፊት ውስጥ በየቦታው አለ፤ ነገር ግን በአማካይ በአንድ ቶን አለት ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ሰው ሊያወጣው የሚችል ማዕድን እንዲሆን ተፈጥሮ አስቀድማ በብዙ መቶ እጥፍ አጠራቅማ ማስቀመጥ አለባት። በኢትዮጵያ ይህ የሆነው ከ900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የመሠረት አለት ውስጥ ነው። የጥንት ውቅያኖስ ወለልና የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተጋጭተው፣ ተጣጥፈው፣ በሙቀትና በግፊት ተለውጠው ዛሬ ጂኦሎጂስቶች የአረብ-ኑቢያ ጋሻ የሚሉትን ምድር ሠሩ። ግጭቱ በከፈታቸው ጥልቅ ስብራቶች ውስጥ የሞቀ ውሃ እየተመላለሰ ወርቁን ከየአለቱ ለቅሞ ከነጭ ኳርትዝ ጋር በስንጥቁ ውስጥ አስቀረው። የአገራችን ታዋቂ የወርቅ ቦታዎች ይህ የመሠረት አለት ፊቱን ያሳየባቸው ዳርቻዎች መሆናቸው ከዚህ የተነሳ ነው፤ በደቡብ አዶላና ለገደንቢ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ ቤኒሻንጉልና አኮቦ፣ በሰሜን ትግራይ። በእነዚህ ቦታዎች ዝናቡ ስንጥቁን እየሸረሸረ ወርቁን ወደ ወንዝ ደለል ያወርደዋል፤ ሰውም በገበታ እያጠበ ሲለቅመው ኖሯል።

ላስታ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ሮሃን፣ የዛሬዋን ላሊበላን፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ እስከ ወንዞቹ ሸለቆ የከበባት ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ይህ ፍሳሽ በአንዳንድ የሰሜን ደጋ ክፍሎች ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛው የፈሰሰውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደሆነ በ1990ዎቹ የተደረጉ የዕድሜ ልኬቶች አሳይተዋል። አንድ ሚሊዮን ዓመት ለእኛ ማለቂያ የሌለው ዘመን ነው፤ በመሬት ታሪክ ግን እጅግ አጭር ጊዜ ነው። የላሊበላ ባዛልት በዓለም የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ የራሱ ስም አለው። በ1998 ራፋኤል ፒክና ባልደረቦቹ የሰሜን ምዕራቡን ደጋ ባዛልት በቲታኒየም መጠኑ ሲከፋፍሉ በላሊበላ በኩል ያለው ከሁሉም በቲታኒየም የበለጸገው ሆኖ ተገኘ። አብረውት የሚገኙት በማግኒዥየም የበለጸጉ ፍሳሾችም እጅግ ከጋለ የምድር ጥልቀት እንደመጡ ይታመናል። እንግዲህ የላስታ ድንጋይ የተናቀ ድንጋይ አይደለም፤ ስለ ምድር ውስጠኛ ሙቀት ከሚመሰክሩ አለቶች አንዱ ነው። ወርቅን በተመለከተ ግን ይህ ሁሉ ውፍረት ክዳን ነው። ወርቅ ሊይዝ የሚችለው የመሠረት አለት ከባዛልቱም፣ ከባዛልቱ ሥር ካለው የአሸዋና የኖራ ድንጋይም በታች ተቀብሯል።

ይህን የመጀመሪያው ጂኦሎጂስት በቦታው ሲያልፍ በከፊል አይቶታል። የህንድ ጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው ዊሊያም ብላንፎርድ በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ከዙላ ተነስቶ በሰንዓፈ፣ በአዲግራት፣ በእንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ አድርጎ የላስታን ምሥራቃዊ ተራሮች አቋርጧል፤ የላይኛውን ተከዜ ተሻግሮም ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ወጣ። በ1870 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ መነሻ ነው። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌ ባዛልትና የመቅደላ የእሳተ ገሞራ አለቶች የተባሉት መደቦች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ጉዞ ነው። ስሞቹን በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው ጉዞውን ራሱን ያነባል፤ ጦሩ ወደ ደቡብ በገሰገሰ ቁጥር ከጥንታዊው አለት እየራቀ፣ ወደ ወጣቱ ባዛልት እየወጣ ነበር። ወርቅ ያለበት መደብ በሰሜን ቀረ። ከብላንፎርድ በኋላ የመጡት፣ ፖል ሞር በ1960ዎቹ መግቢያ ባሳተመው መጽሐፉ፣ ካዝሚን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሠራው የአገሪቱ ካርታ፣ ዝርዝሩን አብዝተውታል፤ የሥዕሉ መሠረት ግን አልተለወጠም።

እዚህ ላይ በማዕድን ጉዳይ ትንሽ ያነበበ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል። የእሳተ ገሞራ አለት ወርቅ አይይዝም ያለው ማን ነው? ክርክሩ ትክክለኛ ነው። በጃፓንም በሌላም አገር በወጣት የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ከፍተኛ የወርቅ ክምችት ተገኝቷል፤ በራሳችን አፋርም በ2000ዎቹ መጨረሻ የፍለጋ ኩባንያዎች በተንዳሆ አካባቢ እንዲህ ያለ ወርቅ አግኝተዋል። ነገር ግን በእነዚህ ቦታዎች ወርቁን ያከማቸው የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ብቻውን አይደለም። ከሥሩ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የሙቀት ምንጭ፣ ከላይ ሁልጊዜ የሚከፈት ስብራት፣ በመካከሉ የሚፈላ ውሃ ያስፈልጋል። አፋር ምድሯ ዛሬም እየተሰነጠቀ፣ ፍልውሃዋም እየፈላ ስለሆነ ይህን ሁሉ ታሟላለች። የላስታ ባዛልት ግን በጎርፍ መልክ ፈስሶ፣ ተደራርቦ፣ ቀዝቅዞ የቆመ ነው። እንዲህ ያለው አፈሳሰስ ለወርቅ የሚመች ምጣድ አይሆንም። በባዛልቱ ክዳን ሥር በጥልቁ ወርቅ ሊኖር ይችላል ቢባል አልከራከርም፤ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ጥቁር ድንጋይ ሥር ያለ ወርቅ ግን ለ12ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ክርክር የወንዝ ነው። ወርቅን ሳይቆፍሩ ከደለል ማጠብ ጥንታዊና ቀላል ሥራ ነው፤ ከላስታ ተራሮች የሚነሳው ተከዜ ደግሞ ታላቅ ወንዝ ነው፤ ታዲያ ተከዜ ወርቅ አልነበረውም ወይ? ወንዝ ግን የሌለውን አይሰጥም፤ ደለሉ የሚሆነው የተነሳበትና ያለፈበት አለት ነው። ተከዜ በላስታ ላይኛው ክፍሉ የሚያጥበው ባዛልት ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚከምረውም ጥቁር ጠጠርና አሸዋ ነው። ወደ ሰሜን ወርዶ በአበርገሌ በኩል የመሠረቱን አለት ሲቆርጥ ነው ጠባዩ የሚለወጠው፤ ወርቅ የሚታጠብበት አገርም ከዚያ ወዲያ ነው። በአንድ ወንዝ ላይ ያለው ይህ ልዩነት ለእኔ ከማንኛውም የጽሑፍ ማስረጃ የበለጠ ይመሰክራል።

ወርቁ ከላስታ ካልወጣ ከየት መጣ? በ6ኛው መቶ ዘመን በአዱሊስ ወደብ የነበረው፣ በግሪክኛ የጻፈው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕለስቴስ የተወልን ዘገባ ለዚህ ጥያቄ ውድ ነው። እንደ እርሱ አባባል የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ነጋዴዎችን ይልካል፤ ከንጉሡ ሰዎች ጋር ሌሎችም ተቀላቅለው ከአምስት መቶ በላይ ይሆናሉ። በሬ፣ የጨው ጡብና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ሠርተው ይሰፍራሉ፤ በሬ አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ የፈለገው ዕቃ አጠገብ የወርቅ ፍሬ አስቀምጦ ገለል ይላል፤ ባለ ዕቃው ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፣ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ያም ይጨምራል ወይም ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ይገበያያሉ። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሲመለሱ ክረምቱና የወንዞች ሙላት እንዳይቀድማቸው ይጣደፋሉ፤ ወርቅ ስለያዙም መሣሪያ ታጥቀው ይጓዛሉ። ብዙ ተመራማሪዎች ሳሱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቤኒሻንጉልና ፋዞግሊ አካባቢ ያደርጉታል፤ አለቱም ከዚህ ጋር ይስማማል።

በዚህ ዘገባ ውስጥ ብዙ አንባቢ በችኮላ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎቹን የሚልከው በአገው ገዥ በኩል ነው። አዱሊስና አክሱም ከወርቁ አገር ሩቅ ናቸው፤ መካከሉ የአገው ምድር ነው። መንገዱን የሚያውቅ፣ ስንቅ የሚያቀርብ፣ ተጓዡን የሚጠብቅና የሚያሳልፍ የአገው ሹም ነበር ማለት ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የአገውን ምድር ማዕከሉ ያደረገ፣ ራሱም ከአገው የወጣ መንግሥት በላስታ ሲነሳ ታሪኩ ከባዶ የጀመረ አይመስለኝም። ዛጉዬዎች ወደ ሥልጣን የመጡት ወርቅ አግኝተው ሳይሆን የቀድሞው መንግሥት ወርቁን የሚያገኝበትን መንገድ አስቀድመው የያዙ ሰዎች ስለነበሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ከማስረጃው የሚነሳ ግምት ነው፤ ማረጋገጫ አይደለም። ነገር ግን ከማዕድን ጉድጓድ ግምት ይልቅ እጅግ የጠነከረ ነው፤ ቢያንስ ለመንገዱ አንድ የዘመኑ ምስክር አለውና።

መንገዱን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ጨው ነበር። ከአፋር ጨው ምድር ከአርሆ የሚቆረጠው አሞሌ ወደ ደጋው የሚወጣበት አንዱ መስመር በላስታ ጎረቤት በዋግ በኩል ያልፋል፤ ሰቆጣ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። አሞሌ ከጨው ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። አፋር ላይ ተራ የነበረው ጡብ ጎጃምን አልፎ እናርያ ሲደርስ ወርቅ ይለወጥበታል። የዋግና የላስታ ሰው በዚህ ሰንሰለት መካከል ተቀምጦ ቀረጥ ይቀበል፣ በቅሎ ያከራይ፣ ራሱም ይነግድ ነበር። ከጨው ወደ ወርቅ የሚለወጠው ይህ ንግድ ከኮስማስ ዘመን እስከ ዘመነ መሳፍንት ቅርጹን ሳይለቅ መቆየቱ የሚደንቅ ነው፤ የአገራችን የምጣኔ ሀብት ታሪክ ጸሐፊዎች ከዘውዱ ታሪክ የማያንስ ቦታ ሊሰጡት ይገባል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እዚህ ይነሳል። አክሱም ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መግቢያ የወርቅ ሳንቲም ይመታ ነበር፤ ዛጉዬዎች ግን ምንም ሳንቲም አልመቱም። ወርቅ በመንገዳቸው ያልፍ ከነበረ ለምን አላተሙትም? እኔ ይህን እንደ ድህነት ምልክት አላየውም። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ጽሑፉ በግሪክኛ ነበር፤ ዋና ተግባሩ ከሮማውያን ዓለም ጋር በባሕር መገበያየት ነበር። ያ የባሕር ንግድ ሲደክም ሳንቲሙም አብሮ ቆመ፤ ይህ የሆነው ደግሞ ዛጉዬዎች ከመምጣታቸው መቶዎች ዓመታት በፊት ነው። በደጋው ውስጥ አሞሌና በወቄት የሚመዘን ወርቅ ሥራውን ይሠሩ ነበርና ማተሚያ አላስፈለገም። ወርቁ ግን በመንግሥቱና በቤተ ክርስቲያኑ እጅ ነበር። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ስለ 13ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ሲተርክ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን የነበረው ጳጳስ ሚካኤል ከአገር የወጣበትን ምክንያት ያነሳል፤ የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ንብረት ጠባቂ የወርቅ በትር ሰርቋል ተብሎ ተጠርጥሮ ተገርፎ ሞተ፣ ጉዳዩም ጳጳሱን አስወገዘ። ወርቅ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ብርቅ ነገር የነበረ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። በገዛ ወንዙ ወርቅ የሚያጥብ አገር አንድ በትር እንዲህ አድርጎ አይቆጥርም ማለት እወዳለሁ፤ ይህን ያህል ክብደት ልስጠው ወይ ላይ ግን ሰው ሊለየኝ ይችላል።

ስለ መስቀሉም ሊባል የሚገባው ይኸው ነው። መስቀል የአንጥረኛን ጥበብና የሠሪውን አገር ይናገራል፤ ብረቱ የወጣበትን ጉድጓድ አይናገርም። ወርቅ ይቀልጣል፣ ይቀረጻል፣ ዳግመኛ ይቀልጣል። ከአክሱም ሳንቲም የቀለጠ፣ ከዳሞት በግብር የመጣ፣ ከሳሱ በጨው የተለወጠ ወርቅ በአንድ መስቀል ውስጥ ሊቀላቀል ይችላል። በላስታ ወርቅ ሠሪ ነበረ ማለት በላስታ የወርቅ ማዕድን ነበረ ማለት አይደለም።

የውጭ ሰዎችን አካሄድ ማየትም ይጠቅማል። ወርቅ ያለበት አገር ፈላጊን ይጠራል። የግብፁ መሐመድ አሊ በ1820 እና 1821 ሱዳንን የያዘው በከፊል ለዚህ ነው፤ በ1838 ኦስትሪያዊውን የማዕድን ሊቅ ዮሴፍ ሩሴገርን ወደ ፋዞግሊና ቤኒሻንጉል ላከ፣ ራሱም በእርጅናው እስከ ፋዞግሊ ወጣ። በ1890ዎቹ መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ቤኒሻንጉልን ሲያስገብርም ወርቁ አልተረሳም። ወደ ላሊበላ የመጡት ግን ለሌላ ነገር ነው። በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ገጽ ሰጥቷል፤ ስለ ወርቅ ሲጽፍ ግን የሚጠራው ዳሞትን ነው። በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስም፣ በ1880ዎቹ መግቢያ የመጣው ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬም የተሳቡት በአለቱ ሥራ ነው። ዝም ማለት ማስረጃ አይሆንም የሚል ካለ በመርህ ደረጃ ልክ ነው፤ አለቱ፣ ወንዙና የንግድ መንገዱ አንድ ነገር ሲናገሩ ግን የመንገደኞቹ ዝምታ ከእነርሱ ጋር ይደመራል።

በመጨረሻ ወደ አለቱ ልመለስ፤ የላስታ እውነተኛ ማዕድን እርሱ ነውና። ንጹሕ ባዛልት ጠንካራ ነው፣ መሮ አይቀበልም። ላሊበላ የተፈለፈለችው ግን ከባዛልት ዘመዶች አንዱ ከሆነው፣ እሳተ ገሞራው በአረፋ መልክ ተፍቶ ከከመረው ቀይ፣ ባለ ቀዳዳ፣ በዘመን ብዛት ከለሰለሰ ስኮሪያ ነው። ቤተ መድኃኔዓለምን የሚያህል፣ ርዝመቱ ከ33 ሜትር፣ ወርዱ ከ23 ሜትር በላይ የሆነ ቤት በዙሪያው ጉድጓድ አውርዶ ለመፈልፈል እንዲህ ያለ ወፍራምና ለመሮ የሚታዘዝ ንብርብር ያስፈልጋል። በትግራይ ገርዓልታ ፈልፋዮቹ የሠሩበት የአሸዋ ድንጋይ ሌላ ነው፤ ቤቶቹም በገደል ጎን የገቡ ናቸው። የላሊበላው ከላይ ወደ ታች፣ ከመሬት ፊት ጀምሮ ወረደ። ፈልፋዮቹ የትኛው ድንጋይ እንደሚሸከም፣ የትኛው እንደሚፈርስ ሳያውቁ ይህን አልደፈሩም፤ ስለ አለት ንብርብር የነበራቸው እውቀት ከማንኛውም የወርቅ ፈላጊ አያንስም። ፈረንሳውያንና ኢትዮጵያውያን አርኪዮሎጂስቶች ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጉድጓዶቹ የወጣውን የድንጋይ ፍርስራሽ ክምር በማጥናት የሥራውን ደረጃዎች ለመለየት መጣራቸው ተገቢ ነው፤ ያ ፍርስራሽ የላስታ ማዕድን ሥራ መዝገብ ነው።

የምድሩ ሀብት በሌላ መልክም በዘመናችን ተገልጧል። በ2008 በወገል ጤና አካባቢ፣ በደላንታ፣ በባዛልቱ መካከል በገባው የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ውስጥ ኦፓል ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በጋሸና በኩል ሌላ ተገኘ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ዘውድ፣ ጽዋና መጽሐፍ በጨረታ የሸጠው በዚያው በደላንታ ሜዳ ላይ ነው፤ የጦሩ ጂኦሎጂስትም ያንኑ ምድር ረግጧል። የወርቁ ዘውድና ጽዋ ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አሉ። ከባዛልቱ ውስጥ ሊወጣ የሚችለው ሀብት ግን አንድ መቶ አርባ ዓመት ጠበቀ፤ ያገኙትም የአገሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ዛሬም ከገደሉ ጎን በእጅ እየቆፈሩ፣ በናዳ እየተጎዱ ያወጡታል።

ለወርቅ ፍለጋ የሚውለው የጂኦሎጂ እውቀት በላስታ አስቸኳይ ሥራ የሚጠብቀው በአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ ነው። በ2011 አስፋወሰን አስራት ከሥራ ባልደረባ ጋር ያሳተመው ጥናት አብዛኞቹ ስንጥቆች ከመፈልፈሉ በፊት በአለቱ ውስጥ የነበሩ መሆናቸውንና ውሃ በእነርሱ እየሰረገ ስኮሪያውን እያለሰለሰ መሆኑን አሳይቷል። በ2000ዎቹ መጨረሻ የተተከሉት አራት ግዙፍ መጠለያዎች ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ይከላከላሉ፤ በጎን በስንጥቅ የሚገባውን ውሃ ግን አያቆሙም። ስንጥቁን አንድ በአንድ የሚከተል፣ ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚያሳይ ካርታ ለየቤቱ ተለይቶ መሠራት አለበት፤ መጠለያዎቹ ይነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ክርክርም መልስ የሚያገኘው ከዚያ ካርታ ነው።